ስም ያልወጣለት ቡና

የኢየሩሳሌሟ ኢትዮጵያ ጎዳና ባዕድ ቋንቋን በዕለት ተዕለት ጨዋታ ስለመልመድ ምን ታስተምራለች?

ከነቢያት ጎዳና ጫጫታ ታጥፎ ወደ ኢትዮጵያ ጎዳና የሚገባ ሰው መጀመሪያ የሚያስተውለው ዝምታውን ነው። መንገዷ ጠባብና ጠመዝማዛ ናት። ግራና ቀኟ ከፍ ያለ የድንጋይ አጥር ነው፤ ከአጥሩ በላይ ዛፍ፣ ከዛፉ በላይ የደብረ ገነት ኪዳነ ምሕረት ጉልላት ይታያል። የግቢው በር አናት ላይ የይሁዳ አንበሳ ተቀርጿል። ጫማ አውልቀው ሲገቡ ክቡ ቤተ ክርስቲያን የጎጃምን ወይም የጎንደርን ገጠር ደብር ያስታውሳል። ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ያስጀመሩት ሕንፃ የተፈጸመው በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ነው።

ዝምታው ግን ብዙ አይቆይም። በማለዳ እዚህ የቆመ ሰው ከግቢው ግእዝ ይሰማል። ያስቀደሱ እናቶች ነጠላቸውን እያስተካከሉ በአማርኛና በትግርኛ ይሰነባበታሉ። ጥቁር ኮት የለበሱ አባትና ልጅ በዪዲሽ እየተነጋገሩ ወደ ሜኣ ሼዓሪም ሰፈር ያልፋሉ። ቧንቧ ሊጠግን የመጣ ሠራተኛ ስልኩ ላይ በዐረብኛ ይጮኻል፤ አንድ አስጎብኚ ደግሞ ከኋላው የተሰለፉትን ጎብኚዎች በእንግሊዝኛ ዝም ያሰኛል። እነዚህ ሁሉ ድንገት እርስ በርስ መነጋገር ቢኖርባቸው ብዙዎቹ የሚሞክሩት በዕብራይስጥ ነው።

ለመሳለም የሚመጣው ሐበሻ ቤተ ክርስቲያኑን ያውቃል። ፊት ለፊት ያለውን ቤት ግን ብዙው ሰው ሳያየው ያልፋል። በዚያ ቤት የኖረው ኤሊዔዘር ቤን ይሁዳ ነበር፤ ለዘመናት የማንም አፍ መፍቻ ያልነበረውን ዕብራይስጥ ወደ ማድ ቤትና ወደ ልጆች ጨዋታ ለመመለስ ዕድሜውን የሰጠ ሰው።

### ፊት ለፊት ያለው ጎረቤት

ቤን ይሁዳ በሩሲያ ግዛት በ1858 ተወልዶ በ1881 ኢየሩሳሌም ገባ (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። በዚያን ጊዜ ዕብራይስጥ የጸሎትና የመጽሐፍ ቋንቋ ነበር። ከተለያየ አገር የመጡ አይሁድ ገበያ ላይ ሲገናኙ ቃላት ይዋዋሱበት ነበር እንጂ እናት ልጇን የምትቆጣበት፣ ባል ሚስቱን ምሳ የሚጠይቅበት ቋንቋ አልነበረም። የኛን ግእዝ ማሰብ ነው፤ ይቀደስበታል፣ ይነበብበታል፣ ሽንኩርት ግን አይገዛበትም።

ቤን ይሁዳ ለቤቱ አንድ ሕግ አወጣ። ከደጁ ወደ ውስጥ ከዕብራይስጥ በቀር ሌላ ቋንቋ አይነገርም። ባለቤቱ ዲቮራ ቋንቋውን በቅጡ አታውቀውም ነበር። እሱ ራሱም የመጽሐፉን እንጂ የማድ ቤቱን ቃል አያውቅም። በዚህ ዘመን ስለ እሱ በብዛት ከሚነገሩት ታሪኮች አንዱ የቡናው ነው። ስኳር የገባበት አንድ ሲኒ ቡና ሲያምረው የሲኒው፣ የማንኪያው፣ የመቅዳቱ ስም አፉ ላይ አይመጣለትም። ስለዚህ በእጁ እያሳየ፣ እንዲህ ያለውን ነገር ይዘሽ እንዲያ አድርገሽ ያንን አምጪልኝና ልጠጣ የሚል ዓይነት ነገር ይል ነበር ይባላል።

ጨዋታው ከቤት ወጣ። በ1882 ይኽይኤል ሚኸል ፒኔስ ከተባለ ወዳጁ ጋር አንድ ማኅበር አቋቋመ። የማኅበሩ አባላት እርስ በርስ ሲገናኙ በቤትም፣ በመንገድም፣ በገበያም ዕብራይስጥ ብቻ ሊናገሩና በዚህም ላያፍሩ ቃል ገቡ። «ላያፍሩ» የሚለው ትንሽ የሚመስል ነገር ነው። ቋንቋ የለመደ ሰው ሁሉ ግን ከሰዋስው ይልቅ የከበደው ኀፍረቱ እንደሆነ ያውቃል።

ለጎደለው ቃል ደግሞ ስም ያወጡለት ጀመር። መዝገበ ቃላት «ሚሎን»፣ አሻንጉሊት «ቡባ»፣ ፎጣ «ማጌቬት»፣ አይስክሬም «ግሊዳ» የተባሉት በቤን ይሁዳ እጅ ነው። ሁሉም ግን አልሠመረለትም። ለቲማቲም «ባዱራ» የሚለውን ከዐረብኛ ቢመርጥም ሕዝቡ «አግቫኒያ» የሚለውን ወሰደ። ያንን ቃል ያመነጨው ያው የቃል ኪዳን ጓደኛው ፒኔስ ነበር።

> ቋንቋ የለመደ ሰው ሁሉ ከሰዋስው ይልቅ የከበደው ኀፍረቱ እንደሆነ ያውቃል።

### እንቆቅልህ! ምን አውቅልህ?

የቤን ይሁዳን ቡና የሰማ ሐበሻ የሚያውቀውን ጨዋታ ያስታውሳል። ማታ እሳት ዳር አንዱ ልጅ «እንቆቅልህ» ሲል ሌላው «ምን አውቅልህ» ይላል። ጠያቂው የነገሩን ስም ሳይጠራ መልኩን፣ ሥራውንና ጠባዩን ይናገራል። መላሹ ሲያቅተው «አገር ስጠኝ» ይባላል።

ዛሬ የቋንቋ መምህራን ለተማሪዎቻቸው ከሚሰጧቸው ልምምዶች አንዱ ይኸው ነው፤ ቃሉን አታውቅም፣ ግን ዝም አትበል፣ ዙሪያውን ዙረው። ምክንያቱም ግልጽ ነው። ቃልን ሲሰሙት መለየት አንድ ነገር ነው፤ ሲፈልጉት ከአፍ ማውጣት ሌላ። ደብተር ላይ ደጋግሞ ማንበብ የመጀመሪያውን ያጎለብታል። ሁለተኛው የሚመጣው አእምሮ ተጨንቆ፣ ፈልጎ፣ ተሳስቶ ሲያገኝ ነው። ተፈልጎ የተገኘ ቃል ደግሞ ቶሎ አይጠፋም።

ከጎንደር ገጠር የመጡ አንዲት እናት ወንፊት ፍለጋ ማሐኔ ይሁዳ ገበያ የሄዱበትን ቀን እየሳቁ ያወራሉ። ቃሉን አያውቁትም። ልጃቸውን እንዳይጠሩ ትምህርት ቤት ናት። ለባለሱቁ በሚያውቋት ጥቂት ዕብራይስጥ «ዱቄት ታች፤ ቆሻሻ ላይ» እያሉ እጃቸውን ግራና ቀኝ ወዘወዙ። ሰውዬው አንድ ጊዜ መጥረጊያ፣ አንድ ጊዜ ድስት አመጣ። በመጨረሻ ሲገባው «ናፋ!» ብሎ ጮኸ። እሳቸው ደነገጡ። «እኔስ ዕድሜ ልኬን ስነፋ አልነበር የኖርኩት?» ይላሉ አሁን። በዕብራይስጥ ወንፊት «ናፋ» ነው።

### ዘመድ ፍለጋ

የእኚህ እናት ግኝት ለአማርኛ ተናጋሪ የተከፈተ ልዩ ጨዋታ ነው። ዕብራይስጥ፣ ግእዝና አማርኛ ሴማዊ ዘመዳሞች ናቸው። «ሮሽ» ራስ ነው፤ «ዓይን» ያው ዓይን፤ «ሌቭ» ልብ፤ «ባይት» ቤት፤ «ሼም» ስም፤ «ላሾን» ልሳን። «ኔፌሽ» ነፍስ ሲሆን «ማልአኽ» ደግሞ መልአክ ነው። አማርኛ የተወውንም ግእዝ ይዞታል። ውሃ «ማይም» ሲባል ማይን፣ ውሻ «ኬሌቭ» ሲባል ከልብን፣ ወተት «ሐላቭ» ሲባል ሐሊብን ያወቀ ዲያቆን ፈገግ ይላል።

በኢየሩሳሌም የሚማር አንድ ዲያቆን በቀን አምስት ዘመድ ቃል ሳያገኝ ላለመተኛት ለራሱ ደንብ አውጥቷል። ምንጩ የሱቅ ታፔላ፣ የወተት ካርቶን፣ የአውቶቡስ ማስታወቂያ ነው። «መጀመሪያ ላይ ፊደሉ ራሱ ያስፈራኝ ነበር» ይላል፤ «በኋላ ግን ከተማው በሙሉ የግእዝ መጽሐፍ መሰለኝ።» ትግርኛ የሚናገር ጓደኛው ሐ እና ዐን ከጉሮሮው እያወጣ ይበልጠዋል። እኛ በፊደል ብቻ ያስቀረናቸው ድምፆች በዚያች ከተማ ከየመናውያን ሽማግሌዎችና ከዐረብኛ ተናጋሪዎች አፍ ዛሬም ይሰማሉ።

ዘመድ ግን ያታልላል። «ሴፌር» ሰፈር ሳይሆን መጽሐፍ ነው። «ኬን» የሚሉት ቀን ሳይሆን «አዎ» ነው። ለማ የሚባል ሰው ደግሞ መንገድ ላይ «ላማ?» የሚል በሰማ ቁጥር የተጠራ እየመሰለው ይዞራል፤ ሰዎቹ እኮ «ለምን?» እየተባባሉ ነው።

ከሁሉ የከፋው ወጥመድ ያለው ቁጥር ላይ ነው። ሦስት «ሻሎሽ»፣ አምስት «ሐሜሽ»፣ ሰባት «ሼቫ»፣ ስምንት «ሽሞኔ» እያለ ሲዘልቅ ሰው ልቡን ይጥላል። ከዚያ ሻጩ በኪያሩ ክምር ላይ ቆሞ «አርባ! አርባ!» ሲል አዲስ የመጣው ሐበሻ ለአንድ ኪሎ ኪያር አርባ ሼኬል የተጠየቀ መስሎት ዘንቢሉን አንጠልጥሎ ይሸሻል። የዕብራይስጥ «አርባ» አራት ነው። «ኤሌፍ»ም እንደኛ እልፍ ዐሥር ሺህ ሳይሆን አንድ ሺህ ብቻ ነው።

> በሰው አገር አርባው አራት ይሆናል፤ እልፉም አንድ ሺህ ነው።

### ባቡሩና የሚያውቁት መንገድ

ከኢትዮጵያ ጎዳና ጥቂት ደቂቃ በእግር ሲሄዱ ያፎ መንገድ ላይ የከተማዋ ቀላል ባቡር ያልፋል። በ2011 ሥራ የጀመረው ባቡር የየፌርማታውን ስም በዕብራይስጥ፣ በዐረብኛና በእንግሊዝኛ ይናገራል። የመንገድ ስም ሰሌዳዎችም በእነዚሁ ሦስት ቋንቋዎች ናቸው። ለለማጅ ሰው ከዚህ የተሻለ ነጻ መምህር የለም። አንድ የጽዳት ሠራተኛ በየማለዳው የምትጫወተው ጨዋታ አላት። ዓይኗን ጨፍና አንዱን ቋንቋ ብቻ ሰምታ ፌርማታውን ትገምታለች፤ ሌሎቹ መልሱን ያርሙላታል። አንድ ሳምንት ዕብራይስጡን፣ በሌላው ዐረብኛውን ትይዛለች። ቅዳሜ ባቡሩ ሰንበት ስለሚያከብር ትምህርት የለም።

ሌላው ጨዋታ የሚያውቁትን መንገድ መጠየቅ ነው። የማያውቁትን ሲጠይቁ ጭንቀቱ ቋንቋውን ይውጠዋል፤ መልሱን ቢሳሳቱት ይጠፋሉ። የሚያውቁትን ሲጠይቁ ግን መልሱ አስቀድሞ በእጅ ነው፤ የቀረው ሰውዬው እንዴት እንደተናገረው መስማት ብቻ ነው። «ያሚና» ሲል የግእዙ «የማን» ትዝ ይላል፤ ወደ ቀኝ ማለቱ ነው። «ስሞላ» ሲል ግራ። አምስት ሰው ቢጠይቁ አምስት ዓይነት አነጋገር ይሰማሉ፤ የሩሲያው፣ የሞሮኮው፣ የአሜሪካው ዕብራይስጥ ሁሉ የየራሱ ቅላጼ አለው። ያኔ የራስዎ አነጋገርም ከብዙዎቹ አንዱ እንደሆነ ይገባዎታል፤ ኀፍረቱም ይቀልላል።

ከሁሉ የሚከብደው ስልክ ነው። ፊት የለም፣ እጅ የለም፣ መጠቆም የለም። ብዙ ለማጆች ይህን ለመጨረሻ ያቆዩታል፤ ሱቅ ደውለው የሚዘጋበትን ሰዓት ብቻ ጠይቀው ይዘጋሉ። አንድ ጥያቄ፣ አንድ መልስ። እሱ ከተሳካ ለቀኑ ይበቃል።

### «አንተ» የተባሉ አባት

በጨዋታ የማይፈታ ፈተናም አለ። አማርኛ ተናጋሪ ከእንግሊዝኛ ተናጋሪ የሚቀልለው ነገር አለው፤ ወንዱን «አታ»፣ ሴቷን «አት» ማለት ለኛ አንተና አንቺ ስለሆነ አያደናግርም። ችግሩ እዚያ ላይ ማብቃቱ ነው። ዕብራይስጥ በዕለት ንግግሩ እርስዎ የለውም። ጸሐፊውም፣ ሚኒስትሩም፣ የሰማንያ ዓመት አዛውንትም፣ በጸሎት እግዚአብሔርም «አታ» ነው።

«በአገሬ አንቱ የተባልኩ ሰው ነኝ» ይላሉ አንድ አዛውንት። «እዚህ የልጅ ልጄ የምታህል ጸሐፊ አንተ አለችኝ። ተናድጄ ወጣሁ። በኋላ ነው ሁሉንም እንደዚያ እንደምትል ያወቅሁት።» ወጣቶቹ ደግሞ በተቃራኒው ይቸገራሉ። በዕድሜ የገፉ ሴትን «አት» ለማለት አፋቸው አልታዘዝ ብሏቸው አረፍተ ነገሩን ሳይጨርሱ የሚተዉ አሉ። አንዳንዶች መላ ዘይደዋል፤ ለወንዱ «አዶኒ»፣ ለሴቷ «ግቪርቲ» እያሉ ያከብራሉ፤ ቀሪውን አንገት ዝቅ በማድረግ ይሞሉታል። አዶኒ ጌታዬ ማለት ነው፤ አዶናይ የሚለውን ከጸሎት ለሚያውቅ ሐበሻ አክብሮቱ ከበቂ በላይ ነው።

### የቅኔ ቤቱ የቤት ሥራ

«በየቀኑ አንድ ነገር» የሚባለው የልምምድ ስልት በስልክ መተግበሪያ የመጣ የሚመስለው ካለ የዋሸራንና የጎንጅን ቅኔ ቤቶች ያስታውስ። ግእዝ የማንም አፍ መፍቻ መሆኑ ከቀረ ብዙ መቶ ዓመታት አልፈዋል። ሆኖም የቅኔ ተማሪ ቋንቋውን አንብቦ በመረዳት ብቻ አይታለፍም። ግሱን ይቀጽላል፣ መምህሩ የሚነግሩትን ቅኔ ይሰማል፣ ከዚያ ወደ ጫካ ወይም ወደ ገደል ዳር ገለል ብሎ የራሱን አዲስ ቅኔ ይቆጥራል። ሁለት ቤት ካላት ጉባኤ ቃና ይጀምርና እያደር እስከ መወድስ ይደርሳል። የቆጠረውን ይዞ መምህሩ ፊት ይቆማል፤ ይታረማል፤ ጓደኞቹ ይስቁበታል፤ በማግሥቱ ሌላ ይዞ ይመጣል።

ቤን ይሁዳ በኢየሩሳሌም በአሊያንስ ትምህርት ቤት ለአጭር ጊዜ ሲያስተምር የተከተለው ዘዴ «ዕብራይስጥን በዕብራይስጥ» ይባላል፤ ሳይተረጉሙ ማስተማር። በ1949 በዚያችው ከተማ የተከፈተው ኡልፓን ኤጽዮንና ከእሱ በኋላ የተስፋፉት ኡልፓኖች፣ ማለትም ለአዲስ ገቢዎች የተዘጋጁ የዕብራይስጥ ትምህርት ቤቶች፣ ይህንኑ ይዘው ቀጠሉ። መምህሯ ትዘላለች፣ ታለቅሳለች፣ ትስቃለች፣ ሥዕል ታሳያለች እንጂ አትተረጉምም። ቅኔ ቤቱና ኡልፓኑ ሳይተዋወቁ አንድ ነገር ላይ ተስማምተዋል፤ ተማሪው ገና ሳይበቃ እንዲናገር ያስገድዱታል።

### ዋጋውን የሚከፍለው ልጅ

የጨዋታው ታሪክ ሁሉ ሳቅ አይደለም። በ1882 የተወለደው የቤን ይሁዳ የበኵር ልጅ፣ በኋላ ኢታማር ቤን አቪ የተባለው፣ በዘመናዊው ዘመን ዕብራይስጥ አፍ መፍቻው የሆነ የመጀመሪያ ልጅ ይባላል። ሌላ ቋንቋ እንዳይሰማ ተከልክሎ ስላደገ አብሮት የሚጫወት አልነበረውም፤ ቋንቋውን የሚያውቅ ሌላ ልጅ ከወዴት ይምጣ? አፉን የፈታውም ዘግይቶ ነው። እናቱ አንድ ቀን በሩሲያኛ እሹሩሩ ስትለው አባቱ ደርሶ ቤቱን በቁጣ እንዳናወጠው ይተረካል። ጎረቤት የነበሩት ጥብቅ ሃይማኖተኞችም ቅዱሱን ልሳን ለገበያ አዋለው ብለው አወገዙት። በኢትዮጵያ ጎዳና ቤቱ ላይ የሚለጠፈው የመታሰቢያ ሰሌዳም ተደጋግሞ ተነቅሏል።

ዛሬ ዋጋውን በሌላ መንገድ የሚከፍሉ ልጆች አሉ። በግንቦት 1991 በዘመቻ ሰሎሞን 14 ሺህ የሚያህሉ ቤተ እስራኤላውያን በአንድ ቀን ተኩል ገደማ ከአዲስ አበባ እስራኤል ሲገቡ፣ ዕብራይስጥን ቀድመው የያዙት ልጆቹ ነበሩ። ልጅ የእናቱ አስተርጓሚ ሆነ፤ ክሊኒክ ውስጥ ሊሰማ የማይገባውን ሰማ፣ ባንክ ውስጥ ከዕድሜው በላይ ተናገረ። ከዚያ ደግሞ ተገላበጠ፤ የእነዚያ ልጆች ልጆች ከአያቶቻቸው ጋር የሚያወሩበት አማርኛ ወይም ትግርኛ አጠራቸው። በ2008 በሕግ ብሔራዊ በዓል በሆነው የቤተ እስራኤል ስግድ ቀን፣ ኢየሩሳሌምን ቁልቁል ከሚያየው ኮረብታ ላይ ቄሶቹ በግእዝ ሲጸልዩ፣ አያት በአማርኛ ስትከተል፣ የልጅ ልጅ በዕብራይስጥ «ምን አሉ?» ብሎ ይጠይቃል።

> እንቆቅልሽ ያቃተው ልጅ አገር ሰጥቶ ይገላገላል፤ የአያቱ ቋንቋ የጠፋበት ልጅ ግን አገሩን ሳያውቀው ነው የሚሰጠው።

ስለዚህ በአንዳንድ ቤቶች የቤን ይሁዳ ሕግ ተገልብጦ ሥራ ላይ ውሏል። አርብ ማታ ገበታ ላይ ዕብራይስጥ ያመለጠው ሰው ሳህን ያጥባል። አንዲት እናት እንደሚሉት መጀመሪያ ሰሞን ሳህኑን በሙሉ የሚያጥቡት ልጆቹ ነበሩ። «አሁን እኔ ነኝ የማጥበው» ይላሉ። «ባሴደር ማለት አልተወኝም።» ባሴደር «እሺ፣ ደህና» ማለት ነው፤ ከሐበሻው አፍ አልጠፋ ያለ የዕብራይስጥ ቃል።

### ሦስት ሲኒ

ቤን ይሁዳ በታኅሣሥ 1922 ሲሞት ዕብራይስጥ በእንግሊዝ አስተዳደር ሥር ከአገሪቱ መንግሥታዊ ቋንቋዎች አንዱ ሆኖ ነበር። የመዝገበ ቃላቱ የመጨረሻ ቅጽ የወጣው ከሞተ በኋላ በ1959 ነው። ሥራው እሱ ብቻውን የሠራው አይደለም፤ መምህራን፣ ገበሬዎችና እናቶች አብረውት ነበሩ። የእሱ ድርሻ ሰው ሁሉ ከሳቀበት ነገር ላይ መጽናቱ ነው።

አንባቢም የሚለምዱት ቋንቋ እንግሊዝኛ ይሁን ዐረብኛ፣ ኦሮምኛ ይሁን ዕብራይስጥ፣ ከነገው ቡና ይጀምሩ። አቦሉን በአዲሱ ቋንቋ ብቻ ይጠጡት፤ የጠፋብዎትን ቃል በእንቆቅልሽ ይዙሩት። በቶናው ላይ የጠፉትን ቃላት ጠይቀው ይወቁ። በበረካው ወደ አፍ መፍቻዎ ተመልሰው የተሳሳቱትን እያወሩ ይሳቁ። ልጆች ካሉ ግን በረካው ላይ አማርኛው አይቅርባቸው።